የአክስቴ እግር፦ በሽታው ዘር ነው ወይስ ይጋባል?

የጮቄ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10)

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ትንሽ ስለሚረዝም አስቀድሜ ይቅርታ።

አክስቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ነው። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሁለቱም እግሯ አብጧል፤ ግራው ይብሳል። ቆዳው ሻክሯል፣ ጣቶቿ ላይ ጉጥ ጉጥ የሚል ነገር ወጥቷል። ከጀመራት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። በዓመት ስንት ጊዜ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላታል። ያኔ ሁለት ሦስት ቀን ከመደቧ አትነሳም። ሰፈሩ «ምች መታት» ይላል።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣብን። ሴት ልጇ ልትዳር ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል የልጁ ወገኖች የእናቷን እግር አዩ። ከዚያ ቀሩ። አንዱ «ዘራቸው ነው» አለ አሉ። ሌላው «ይጋባል፣ አብሮ መብላትም ያስፈራል» አለ። አክስቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳን ከሰው ተለይታ አጥር ጥግ ነው የምትቆመው።

አንድ ጤና ተቋም ወስጃት ነበር። ስሙን መጥራት አልፈልግም። የተቀበለን ባለሙያ ከሩቅ አየና «ይሄ ዝሆኔ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ብሎ ሸኘን። እግሯን ሳይነካው።

እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ይህ በሽታ ከየትኛው ወገን ነው? ተላላፊ ነው? የዘር ነው? የምግብ እጥረት ነው? ሄጄ ለሽማግሌዎቹ የምናገረው እውነተኛ ነገር እፈልጋለሁ።

ሪያድ ያለሁት (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42)

አይዞህ ወንድሜ። የእኔም አያት እንደዚህ ነበረች። «ድግምት ረግጣ ነው» ይሉ ነበር። የእባብ አጥንት ረግጣ ነው የሚልም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ ለምን እንደምትደበቅ አይገባኝም ነበር። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

ቦሌ ሚካኤል (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05)

ይሄማ የታወቀ ነው። ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። ትሉ የሊምፍ ቧንቧ (ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግደው) ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝቡ ክኒን ይሰጣል። ስለዚህ ተላላፊ ነው፣ ግን በመብላት ሳይሆን በትንኝ። ክኒኑን ትውሰድ።

ነርስ ከጎጃም (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20)

የጮቄ ልጅ፣ ሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያየሁት። አክስትህን እግሯን ሳይነካ የሸኛት ባለሙያ በጣም አሳዝኖኛል። ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

ቦሌ ሚካኤል ያልከው በሽታ አለ። ግን የእሷ አይመስለኝም። በትንኝ የሚመጣው ትል በአገራችን በብዛት የሚገኘው ቆላ ነው፤ እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ያለ ቦታ። ጮቄ ተራራ ሥር ደጋ ነው። ደግሞ የትሉ በሽታ ብዙ ጊዜ ብሽሽት አካባቢ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ወንድ ላይ ቆለጥ ያሳብጣል። የአክስትህ ግን ከጣቷና ከውስጥ እግሯ ተነሥቶ ነው ወደ ባቷ የወጣው፣ አይደል? መጀመሪያ ማታ ማታ ውስጥ እግሯን ያቃጥላት፣ ያሳክካት ነበር? ጠይቃት። «አዎ» ካለችህ እኔ በየሳምንቱ የማየው በሽታ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከግሪክኛ የመጣ ስም ነው፤ እግርና አቧራ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም ነው። እዚሁ አገራችን ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ሲሠራ እነዚህን እግሮች አየ። ትል የላቸውም። የሥጋ ደዌም አይደሉም፣ ምክንያቱም እግሩ ስሜቱን አላጣም። ታዲያ ከምን መጣ ብሎ ሲከታተል ያገኘው አፈሩን ነው።

ቀዩን አፈራችንን ታውቀዋለህ። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ከፍ ያለና ዝናብ የሚበዛበት አገር ላይ ይገኛል። ሰው በባዶ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲረግጠው፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ውስጥ ያልፋል። የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል። ግን ማዕድን ስለሆነ አይፈጩትም። ከዚያ የሊምፍ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል። በቃ፣ እብጠቱ ይኸው ነው።

እና ይጋባል ወይ? አይጋባም። ትል የለበትም። ባክቴሪያ የለበትም። ቫይረስ የለበትም። ከእሷ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ ነገር ጭራሽ የለም። አብረሃት ብላ፣ አብረሃት ተኛ፣ እግሯን እጠብላት።

ያ ምች የሚባለው ትኩሳት ግን የጀርም ሥራ ነው። ቆዳው ሲሰነጠቅ፣ በጣቶቹ መሃል ሲቆስል ባክቴሪያ ይገባል። ንፍፊት ያወጣል፣ እግሩ ይግላል፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በአንድ እግር ላይ ሁለት በሽታ ነው ያለው። ሥሩ አፈር ነው። ላዩ ላይ የሚመላለሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ነው። ይህ ሁለተኛው ይታከማል፤ ደጋግሞ እንዳይመጣም ማድረግ ይቻላል።

«መድኃኒት የለውም» የተባላችሁት ስህተት ነው። በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ከዚያ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ልኩን ባለሙያ ያሳያችሁ፣ በግምት አታድርጉት። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል። ቫዝሊን ይቀባል። ስትቀመጥም ስትተኛም እግሯን ከፍ ታድርግ። ፋሻ የሚያስፈልጋት ከሆነ ይታሰርላታል። ከዚያ ካልሲና ጫማ፣ ቤት ውስጥም ጭምር። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እንዲህ ያለው ቀላል እንክብካቤ ያንን ትኩሳት እንደሚቀንስ ታይቷል።

በሽታው ገና ሲጀምር ከተያዘ እብጠቱም ይመለሳል። 20 ዓመት ለቆየ እግር ግን እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። ይቀላል። ሽታው ይጠፋል። ትኩሳቱ ይርቃታል።

የጮቄ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30)

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ደውዬ ጠየቅኳት። «ማታ ማታ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር፣ ማን ነገረህ?» አለችኝ። አልቅሻለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። መንደሩ ሁሉ በባዶ እግሩ ነው ያደገው። አፈሩ አንድ ነው። ታዲያ ለምን እሷና ወንድሟ ብቻ? ሰዎቹ «ዘር ነው» የሚሉት እኮ ይህን አይተው ነው።

ወላይታ ሶዶ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15)

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ። 34 ዓመቴ ነው። በ14 ዓመቴ ጀመረኝ። ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ ሕመሙ አይደለም። ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ስላጣሁ ነው።

እዚህ እኛ ጋ በጤና ባለሙያዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሲያክሙ እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። ባለሙያው እንዲህ ካለ ጎረቤት ምን ይበል? አክስትህን የሸኛት ሰውዬ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ያልተማረውን ነው የፈራው።

እኔ ጫማ ካደረግኩ 11 ዓመቴ ነው። አግብቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ መራመድ ከጀመሩ ጀምሮ ጫማ እግራቸው ላይ ነው። ባለቤቴ እግሬን አብራኝ ታጥባለች። ምንም አልያዛትም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ።

የባዮሎጂ መምህሩ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50)

የጮቄ ልጅ፣ የጠየቅከው ጥያቄ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ሲያስጨንቅ የነበረ ነው። ሰዎቹ «ዘር» ያሉት ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን እነሱ በሚያስቡት መንገድ እውነት አይደለም።

በወላይታ በቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የትኞቹ ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ የሰውነት መመሪያዎች) እንደሆኑ አሳዩ። ሰውነት ባዕድ ነገርን ከራሱ የሚለይባቸው ጂኖች ናቸው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው አፈሩ ሲገባበት ሰውነቱ በኃይል ይቆጣል። ሌላው ያንኑ አፈር እየረገጠ ዕድሜውን ይጨርሳል።

በእኛ ቋንቋ ዘር ሁለት ነገር ነው። የሰውም ነው፣ የእህልም ነው። ለአንድ የገበሬ ሽማግሌ ብናገር እንዲህ እለዋለሁ፦ ዘሩ ቢኖርም አፈር ካልነካው አይበቅልም። ልጅቷ ከእናቷ የወረሰችው በሽታውን አይደለም፤ ለአፈሩ ስስ የሆነ ሰውነትን ነው፣ እሱንም ወርሳ ከሆነ ነው። ጫማ ካደረገች የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ልጆቿም እንደዚያው። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዝያ ይህ በሽታ ነበር። ሰው ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። የሕዝቡ ዘር ግን ያው ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ በሽታ ዓይነቶች ሳስተምር ሰንጠረዥ እሠራለሁ። በጀርም የሚመጣ፦ ወባ፣ ቲቢ፣ ኩፍኝ። ከእጥረት የሚመጣ፦ አዮዲን ሲጎድል እንቅርት፣ ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት። በዘር የሚወረስ። ከአካባቢና ከሥራ የሚመጣ። ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ። ከአኗኗርና ከዕድሜ የሚመጣ፣ እንደ ደም ግፊት ያለ። ሰንጠረዡ ለፈተና ይጠቅማል። የአክስትህ እግር ግን አንድ ሳጥን ውስጥ ብቻ አይገባም። አፈር አለበት፣ ጂን አለበት፣ ላዩ ላይ ባክቴሪያ አለበት። ድህነትም አለበት፣ ምክንያቱም ጫማ ዋጋ አለው።

ልቤን የሚያቃጥለኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሕዝባችን ለብዙ ዘመን ሥጋ ደዌን በዘር የሚመጣ ነው እያለ ከነዘሩ ሲሸሽ ኖሯል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን አገኘው። ተላላፊ ነው፤ ያውም ብዙው ሰው በተፈጥሮው የሚቋቋመው፣ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነው። በተቃራኒው ይህንን የማይጋባውን የእግር በሽታ ይጋባል አልን። የሚጋባውን ዘር፣ የማይጋባውን ተላላፊ አደረግነው። በሁለቱም የተጎዳው ታማሚው ነው።

ደላንታ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05)

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ስለገፋ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የምትሉትን ሁሉ አስነበብኩት።

እኛ አገር ወሎ፣ ደላንታና ዳውንት ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሆነውን ልንገራችሁ። ዝናቡ ቀረ። ስንዴው ደረቀ። በማሳው ላይ የተረፈው ጓያ ነው። ጓያ ድርቅ አይፈራም። እሱኑ ጠዋት ቆሎ፣ ማታ ንፍሮ እያደረግን ወራት በላን። ከዚያ ጎረምሶቹ ጉልበታቸው መያዝ ጀመረ። ማታ ደኅና የተኛ ልጅ ጠዋት ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። በጣቱ ጫፍ እየተንጠራራ፣ ከዚያ በአንድ ዱላ፣ ከዚያ በሁለት። ሰውም «መቅሠፍት ነው» አለ። «ይጋባል» ብሎ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ያራቀም ነበር።

በኋላ ከአዲስ አበባ ሐኪሞች መጡ። ከ2,000 በላይ ሰው መያዙን መዘገቡ። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ አሉን። ትንሽ ትንሽ ከሌላ እህል ጋር ሲበላ ብዙ አይጎዳም፣ ብቻውን ለወራት ሲሆን ነው አሉን። የማይጋባ ሆኖ አንድ አገር ሰው በአንድ ጊዜ የሚጥል በሽታ እንዳለ ያኔ ነው ያወቅሁት። አንድ ድስት ስለበላን ነው እንጂ አንዱ ለአንዱ ስላስተላለፈ አይደለም።

የጮቄ ልጅ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ ስትሄድ እንዳትቆጣቸው። እነሱም ለልጃቸው ፈርተው ነው። ረጋ ብለህ አስረዳቸው።

የጮቄ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:40)

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እሺ፣ እንደ ምክርዎ አደርጋለሁ።

ጸበልተኛው (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:00)

እኔ ሳይንሱን አልቃወምም። ግን እናቴ በዚሁ በሽታ ተይዛ ጸበል ገብታ ቀሎላታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉን ነገር አፈር ነው፣ ጂን ነው ካልን እምነታችን የት ገባ?

ነርስ ከጎጃም (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:25)

ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልን። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ጸበል ቦታ ብዙ ታማሚዎቼን አገኛለሁ፤ እዚያ ማንም አይሸሻቸውም፣ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው። ከተጠመቀች በኋላ እግሯ በጣቶቹ መሃል ይድረቅ። ቅባት ይቀባ። ስትመለስ በባዶ እግሯ ቀዩን ጭቃ አትርገጥ። ትኩሳቱ ሲነሳባት ደግሞ ጤና ጣቢያ ሳትውል ሳታድር ትድረስ።

እናት ከሃይፋ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30)

ከጎንደር ወደ እስራኤል ስንመጣ ስኳር በሽታ የሚባል ነገር በእኛ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በየቤቱ ገባ። እናቴ «ይህ አገር ያጋባን በሽታ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው፣ ግን የጋባብን ጀርም አይደለም። ጤፉ ቀረ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጣ። ቀኑን ሙሉ ተራራ የሚወጣ እግር አውቶቡስ ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱ ቤት ሦስት ሰው ይይዛል፣ አንዳንዱን ይምራል፤ ያውም ማዕዱ ሳይለያይ። መምህሩ ስለ ዘርና አፈር የጻፉትን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። አመሰግናለሁ።

ቦሌ ሚካኤል (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10)

ሲስተር፣ ተሳስቼ ነበር፣ ታረምኩ። የቆላውን በሽታ ለደጋ ሰጠሁት። የጮቄ ልጅ ይቅርታ፣ ያልሆነ ክኒን ፍለጋ ልልካችሁ ነበር።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ጨጓራዬን ታምሜ 6 ዓመት በርበሬ ተውኩ፣ ጭንቀት ነው ተብዬ ሥራ ለመቀየር አሰብኩ። ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ባክቴሪያ ነው ተባልኩ። በመድኃኒት ዳንኩ። ይሄስ ከየት ወገን ነው?

የባዮሎጂ መምህሩ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:15)

እሱ ደግሞ በተቃራኒው የተሳሳትንበት ነው። የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን የጭንቀትና የምግብ በሽታ ነው ሲባል ነበር፣ በሐኪሞችም ዘንድ። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ነው ሲል ሰው አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሁሉም የጨጓራ ሕመም ግን ከባክቴሪያው አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ማብዛትም ያቆስላል። መመርመርህ ነው የጠቀመህ።

የልጆች ቶንሲልም እንደዚሁ ነው። አንዳንዴ ጉሮሮው በባክቴሪያ ይታመማል፣ ካልታከመ ሰውነት በስህተት የራሱን የልብ በር ሊያጠቃ ይችላል። ጉሮሮ የጀመረው ከዓመታት በኋላ የልብ በሽታ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም። ይህን የምጽፈው አንድ ተማሪዬን በዚህ ስላጣሁ ነው።

ሪያድ ያለሁት (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:00)

መምህር፣ ነፍሱን ይማር።

አያቴ ዛሬ የለችም። ጓዳ ውስጥ የምትደበቀው ሊያስጠጋት የሚፈራ ሰው ስለነበር ነው። እኔም ሕፃን ሆኜ እግሯን እንዳልነካ ተነግሮኝ ነበር። ብነካው ምንም እንደማልሆን አሁን ነው ያወቅሁት። ለእህቶቼ ልጆች 5 ጥንድ ጫማ ልኬያለሁ።

የጮቄ ልጅ (ከ2 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2:20)

ወንድም እህቶቼ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ መጣሁ።

አክስቴ በየቀኑ እየታጠበች ነው። ውሃ የምታመላልሰው ልጇ ናት። ጤና ጣቢያው ሌላ ባለሙያ አግኝተን ነበር፤ እግሯን በእጇ ይዛ እያጠበች አሳየችን፣ ስሜት እንዳለውም መረመረች። አክስቴ «20 ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሰው በቀር እግሬን የነካኝ እሷ ናት» አለች። ሽታው በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ።

የልጁ አያት ጋ ብቻዬን ሄድኩ። አባታችን ከደላንታ እንደመከሩኝ አልተቆጣሁም። የአፈሩን ነገር፣ የወላይታውን ወንድማችንን ትዳር፣ ስለ ዘርና አፈር የተባለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እህቴም በዚህ ነው የሞተችው፣ ለማንም አልነገርንም» አሉኝ። ለካ እነሱም ቤት አለ። የራሳቸውን ባዶ እግር ቁልቁል እያዩ ብዙ ቆዩ።

የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም። ግን ሽማግሌዎቹ በመጪው እሑድ እንመጣለን ብለዋል፣ አክስቴ ቤት እንበላለንም ብለዋል።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ገበያ ላይ በእግሯ ልክ የሚሆን ጫማ የለም። ሰፊ ጫማ የሚሠራ ሰው አግኝቼ የእግሯን ልክ በወረቀት ስለህ አምጣ ብሎኛል። እንዴት ልለካ?

ነርስ ከጎጃም (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:55)

እልል! ደስ ብሎኛል።

ሁለቱን እግር ለየብቻ ለካ፣ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ ቆማ ዙሪያውን በእርሳስ ሳልላት። የእግሯን ከፍታም በክር ለካ፣ ከላይ እንዳይጫናት። ካልሲዋን አድርጋ ይሁን። ደግሞ ማታ ለካ እንጂ ጠዋት አትለካ። ቀኑን ስትቆም ስለምትውል ማታ ነው እብጠቱ የሚበዛው። ጠዋት የተለካ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠባታል።

የጮቄ ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3:01)

እሺ ሲስተር። አሁን ከአክስቴ ጋር ነኝ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዣለሁ።